«ቤት ነሽ አይደል?»፦ ከቤት እየሠራሁ ውሎዬን እንዴት እንዳስተካከልኩ

አንድ ዓርብ ማታ ለቅሶ ለመድረስ ጫማዬን ከአልጋ ሥር ሳብኩት። አቧራ ጠጥቷል። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ላጠልቀው ስል ቆም አልኩ። ይህን ጫማ መቼ ነው ያደረግኩት? ሰኞ ጠዋት ልጄን ሰርቪስ ላይ ላሳፍር ስወርድ ነጠላ ጫማ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ የምታወርዳት እማዬ ነበረች። ቆጠርኩ። አራት ቀን ሙሉ ከፎቁ አልወረድኩም።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ያን ማታ ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ስመለስ ሁለት ቦታ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ዕድሜዬ 36 ነበር።

ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ውሎዬን ቀስ በቀስ ቀይሬዋለሁ። ቶሎ አልተሳካልኝም፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ይዞልኛል። ይህን የምጽፈው ከቤት ለምትሠሩ፣ በተለይ ደግሞ ቤታችሁ ሰው ለሚበዛበት ነው። በዚህ ጉዳይ ያነበብኩት ምክር አብዛኛው ብቻውን ለሚኖር፣ መብራትና ውሃ ለማይጠፋበት ሰው የተጻፈ ነበር። የእኛ ቤት እንደዚያ አይደለም።

ከቤት መሥራትን መጀመሪያ የቀመስኩት እንደ ብዙ ሰው በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፕ አስይዞ ወደ ቤት ላከን። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኋላ ሲጠሩን ወደ ቢሮ ተመለስኩ። በ2014 ዓ.ም. ግን ምሥራቅ አሜሪካ ያለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳቡን ከዚህ ሆኜ እንድይዝለት ቀጠረኝ። ክፍያው ጥሩ ነው። ከክፍያው በላይ ደስ ያለኝ ግን የታክሲ ሰልፍ መቅረቱ ነበር። ደርሶ መልስ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ይበላብኝ ነበር። ያን ጊዜ ለልጄና ለራሴ አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

አልሆነም። ያ ሁለት ሰዓት ሥራው ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ዓይኔን ስገልጥ ስልኬን አነሳለሁ። እነሱ እኛ ተኝተን ሳለ የላኩት መልእክት ተደርድሮ ይጠብቀኛል። አልጋ ላይ እንዳለሁ መመለስ እጀምራለሁ። ከዚያ ላፕቶፑ ወደ አልጋ ይመጣል። ሻይና ዳቦው ይከተላል። ቢጃማዬን የማወልቀው ከምሳ በኋላ ነው፤ እሱም ከሆነልኝ። ማታ ደግሞ የእነሱ ቀን ነው፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ «አንድ ነገር ብቻ» እያሉ ይጽፋሉ። እኔም እመልሳለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ሥራው የሚያልቅበት በር ስላልነበረው ነው።

ታክሲው አድካሚ ነበር። ለካ ግን ሳላውቀው ብዙ ነገር ይሠራልኝ ኖሯል። እስከ ፌርማታው 12 ደቂቃ እሄድ ነበር። ከወረድኩ በኋላ እስከ ቢሮ ሌላ 8 ደቂቃ። ስመለስም እንደዚያው። በቀን 40 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ስፖርት ብዬ ሳላስበው። ፀሐይ ያገኘኝ ነበር። የሱቁን ልጅ፣ የጉሊቷን እናት ሰላም እላለሁ። ማታ የቢሮው በር ሲዘጋ ሥራው እዚያ ያድራል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። ምትክ ግን አላበጀሁለትም።

በመጀመሪያው ዓመት 7 ኪሎ ጨመርኩ። ወገቤ ያመኝ ጀመር፤ ሕመሙ አንዳንዴ ግራ እግሬ ድረስ ይወርዳል። እንቅልፌ ተቆራረጠ። ከዚያ ለቅሶ በኋላ ባለው ሳምንት ክሊኒክ ሄድኩ። የደም ግፊቴ 144 በ92 ሆነ። ሐኪሟ በሌላ ቀን ደግማ ለካችው። ያው ነው። በተደጋጋሚ ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው የሚባለው። መድኃኒት ከማዘዟ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«እስቲ የትናንት ውሎሽን ከጠዋት እስከ ማታ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ወር ሰጠችኝ። በየሁለት ሳምንቱ እየተለካሁ፣ ውሎዬን አስተካክዬ እንድመለስ ተስማማን። ይህ እኔን አይታ የወሰነችው ነው። የእናንተ ግፊት ከፍ ካለ የራሳችሁን ሐኪም ስሙ፤ መድኃኒት ካዘዘላችሁም በእኔ ታሪክ እንዳታቆሙ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ቀኑን በየሰዓቱ ከፋፍዬ ጻፍኩ። 12 ሰዓት መነሳት፣ 12፡15 ስፖርት፣ 1 ሰዓት ቁርስ፣ እያለ እስከ ማታ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን መብራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጠፍቶ ከቀኑ 8 ሰዓት መጣ። በአምስተኛው ቀን ውሃ መጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሁሉ ነገር ይቆማል። ጀሪካን ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይወለወላል። በስድስተኛው ቀን ከገጠር እንግዳ መጣ። ወረቀቱን አንስቼ ቀደድኩት። ራሴን ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን የስንፍና አልነበረም። በማላዝዝበት ነገር ላይ የቆመ ፕሮግራም ነበር ያወጣሁት።

መላው የመጣልኝ እማዬን ሳይ ነው። እማዬ የእጅ ሰዓት አታስርም። ቀኗ ግን አይዛነፍም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትጸልያለች። ከጸሎት በኋላ ቁርስ፣ ከቁርስ በኋላ አበቦቿን ታጠጣለች፣ ከዚያ ለምሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከእያንዳንዱ ነገር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይከተለዋል እንጂ አይቀርም። እኔም ፕሮግራሜን ከሰዓት ላይ አውርጄ ነገር ላይ አሰርኩት።

የመጀመሪያው ነገር የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጥሩምባ ነው። ወደ 1፡15 ገደማ ከታች ይነፋል። አንዳንዴ 1፡05፣ አንዳንዴ 1፡30። ግድ የለኝም። ልጄን አሳፍራለሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ አልመለስም። ዋናው ዘዴዬ ይኸው ነው። አንዴ ከተመለስኩ አበቃ፤ ሶፋው አለ፣ ስልኩ አለ፣ ሳህኑ አለ። ስለዚህ ስወርድ የቆዳ ጫማም ነጠላ ጫማም ሳይሆን ስኒከሬን አድርጌ እወርዳለሁ። ሰርቪሱ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ከብሎካችን እስከ አስፋልት፣ አስፋልቱን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ እጅ ነስቼ በጀርባ በኩል ዞሬ እመለሳለሁ። 35 ደቂቃ ይፈጃል።

በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 175 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ሳውቅ ቀለል አለኝ። ጂም መክፈል አላስፈለገኝም። ላብ ሳይሆን ፈጠን ያለ እርምጃ ነው የሚፈለገው። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት። ከዚህ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመከራል። እኔ የጉልበት ማጠፍና ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ እሠራለሁ፤ ደግሞም ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ወደ ላይ አወጣለሁ፤ እሱም ይቆጠርልኛል።

የጠዋቷ ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት። ዓይን በጠዋት ብርሃን ሲያይ ሰውነት ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፤ ማታም እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። በዚህ እኛ ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው በብርዱ ወራት ጨለማ ውስጥ ነው ሥራ የሚጀምረው። እኛ በሩን መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ መጋረጃ ዘግቼ ነበር የተቀመጥኩት።

ስመለስ ታጥቤ ልብስ እቀይራለሁ። የቢሮ ልብስ አይደለም፤ ግን የውጭ ልብስ ነው። ቁርስ ከእማዬ ጋር ጠረጴዛ ላይ እበላለሁ። ስልኬን እስከዚህ ድረስ አልከፍተውም። እነሱ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል፤ ማንም መልስ አይጠብቅም። ይህን ለራሴ ለማሳመን ብዙ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አሁን ስለ አቀማመጥ። የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁት አልጋ፣ ሶፋና የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ውድ የቢሮ ወንበር ለመግዛት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆየሁ። በመጨረሻ የወገብ ሕክምና ላይ ያገኘኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤት ያለውን እቃ በፎቶ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አይታ «ወንበር አትግዢ፣ ያለሽን አስተካክዪ» አለችኝ። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ወሰድኩ። ጋቢዬን እንደ እንጀራ ጠቅልዬ ወገቤና የወንበሩ መደገፊያ መካከል አስገባሁ። ላፕቶፑን ከድሮ መሥሪያ ቤት ስለቅ ይዣቸው በወጣሁት ሁለት ወፍራም ባዶ መዝገቦች ላይ አስቀመጥኩት። አሁን የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ ጋር እኩል ነው። ኪቦርድና ማውዝ ከመርካቶ ገዛሁ። ከወጪው ሁሉ ያ ብቻ ነበር ግዴታ። ላፕቶፕ ከፍ ብሎ በራሱ ኪቦርድ ከተሠራበት ትከሻ ይጎዳል። እግሬ መሬት በደንብ ስለማይደርስ ከሥር የልጄን የዱቄት ወተት ካርቶን፣ ውስጡን ጋዜጣ ሞልቼ አደረግኩ።

ግን ባለሙያዋ ደጋግማ የነገረችኝ ሌላ ነው። የትኛውም አቀማመጥ ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየሽበት መጥፎ ነው አለችኝ። ስለዚህ የውሃ ጠርሙሴን ከጠረጴዛው አነሳሁ። ብርጭቆ ብቻ ነው አጠገቤ ያለው። ሲያልቅ ተነስቼ ማዕድ ቤት ሄጄ እቀዳለሁ። ስልክ ሲደወል ቆሜ ነው የማወራው። ለዓይኔ ደግሞ የታወቀችውን ነገር እሠራለሁ፤ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ያለ ነገር ማየት። ከመስኮታችን በጠራ ቀን እንጦጦ ይታያል። እንጦጦ በማይታይበት ቀን የማዶው ብሎክ ጣራ ላይ የተሰጣውን ልብስ አያለሁ። ማታ ማታ ዓይኔን እንደ አሸዋ ይቆረቁረኝ የነበረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀንሷል።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ሰው ነው።

«ቤት ነሽ አይደል?» የምትለዋን ቃል ከቤት የሚሠራ ሁሉ ያውቃታል። «ቤት ነሽ አይደል? ሲሊንደር የሚያመጣው ልጅ ሲመጣ ተቀበይልኝ።» «ቤት ነሽ አይደል? ልጁ እስክመጣ እናንተ ጋ ይቆይ።» «አንቺ ቤት ስለሆንሽ ቀን ቀን አንቺ አስታምሚ፣ እኛ ማታ እንተካሻለን።» ይህን የሚሉኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ሥራ ማለት ጠዋት ቦርሳ አንጠልጥሎ መውጣት ነው። ያልወጣ ሰው አልሠራም።

ያነበብኩት ምክር ሁሉ «እምቢ ማለትን ተለማመዱ» ይላል። ሞከርኩት። የ3ኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ለወፍጮ አብሬያቸው እንድሄድ ሲጠይቁኝ «አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው። ምንም አላሉም። ሁለት ሳምንት ግን በራችንን አላንኳኩም። እኔ ያመመኝ ቀን ልጄን ከሰርቪስ ተቀብለው የሚያበሉልኝ እሳቸው ናቸው። ዕድራችን አንድ ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተቆራርጦ የሚገኝ ጤናማ ውሎ ለእኔ ጤናማ አይደለም። እዚህ ላይ በደንብ አስቤበታለሁ፤ በዚህ አቋሜ እጸናለሁ። መረዳዳቱ ሥራዬን የሚያውክ ብቻ አይደለም፤ ሥራዬን ተሸክሞ የያዘም እሱ ነው።

ስለዚህ እምቢ ማለቱን ትቼ ሰዓት መስጠት ጀመርኩ። «እሺ እትዬ፣ 7 ሰዓት ላይ አብረን እንሄዳለን።» ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን እሺ የሚለው ቃል መጀመሪያ ስለሚመጣ ማንም አይቀየምም። ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ጊዜ በሙሉ የሰው ሰዓት አደረግኩት። ወፍጮ፣ ባንክ፣ የመብራት ካርድ ማስሞላት፣ ሕመምተኛ መጠየቅ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ማንም የማይፈልገኝ ቀን ሲገኝ እተኛለሁ። ለቅሶና ድንገተኛ ሕመም ብቻ ሰዓት አይጠብቁም፤ ለእነሱ ላፕቶፑን ዘግቼ እወጣለሁ። ለአሠሪዎቼም ይህን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። በባህላችን ለቅሶ ምን እንደሆነ በአጭሩ ጻፍኩላቸው። ተረዱኝ።

እማዬን ማሳመን ሌላ ሥራ ነበር። እማዬ 31 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታ በጡረታ የወጣች ናት። ጠዋት ፈርማ ገብታ፣ ማታ ፈርማ ትወጣ ነበር። እኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ስታየኝ «እስቲ ያቺን ወጥ አማስዪልኝ» ትለኛለች፤ በየሩብ ሰዓቱ። ብዙ ጊዜ ተናደድኩባት። አንድ ቀን ግን ወንበር አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። «አንድ ሰዓት እዪኝ» አልኳት። የወሩን ደረሰኞች አንድ በአንድ ስመዘግብ፣ ከባንኩ ሒሳብ ጋር ሳስተያይ፣ የጠፋችውን 40 ዶላር ስፈልግ አየች። ስልክ ሲደወል በእንግሊዝኛ ስመልስ ሰማች። ሰዓቱ ሳይሞላ ተነሳች።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ በር ሳይዘጋ እንዴት ይሠራል?» አለችኝ።

በር የለንም። ሁለት መኝታ ቤት ነው ያለው፤ አንዱ የእኔና የባለቤቴ፣ አንዱ የእሷና የልጄ። እኔ የምሠራው ሳሎኑ ጥግ ነው። በማግስቱ እማዬ የድሮ መጋረጃዋን ከሻንጣ አወጣች። ባለቤቴ ሽቦ ዘረጋ። አሁን መጋረጃው ከወረደ ቢሮ ነኝ። ከተሰበሰበ ቤት ነኝ። ለልጄም ይህ ደንብ ከየትኛውም ቁጣ በላይ ገብቷታል። እኔም ራሴ የምታዘዘው ለእሱ ነው፤ መጋረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ላፕቶፕ አልከፍትም። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6 ሰዓት ይወርዳል። ከዚያ ምሳ አለ፣ የሰው ሰዓት አለ፣ ልጄም ከትምህርት ቤት ትመጣለች። ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንደገና ይወርዳል።

ለምን 10 ሰዓት? የእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ ነው። ከእነሱ ጋር ፊት ለፊት የምሠራው በቀን አራት ሰዓት ብቻ እንዲሆን በስምምነት ወስነናል፤ ከ10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ለእራት ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 2፡30። ከ2፡30 በኋላ የሚመጣ መልእክት በማግስቱ ይመለሳል። ይህን ስጠይቅ ሥራዬን የማጣ መስሎኝ ሆዴ ተላውሶ ነበር። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብለው በአንድ መስመር መለሱልኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እኩለ ሌሊት ድረስ የቆየሁት ሳልጠይቃቸው ነው። ከውጭ ድርጅት ጋር ለምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አሜሪካኖች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሲቀይሩ የእኔ 10 ሰዓት 11 ይሆናል፤ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ይመለሳል። በዚያ ሳምንት እራት፣ የልጄ ጥናት፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገፋል። ቀድሜ ለቤተሰቡ ካልነገርኩ ቤቱ ይረበሻል።

አሁን ቡና። ቡና ለእኔ ከመጋረጃው ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ነበር። ሥራ ላይ ስሆን ብቻዬን በቀን አራት ሲኒ እጠጣለሁ፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ እማዬ ታፈላለች፣ ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ። ከዚያ አልጋ ላይ ጣራ ጣራ ሳይ አድራለሁ። ሰውነት የጠጣውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 12 ሰዓት የጠጣሁት ሌሊቱን 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ደሜ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቡናውን መተው አልፈለግኩም። ቡና ጎረቤት የሚገናኝበት ነው። ከእማዬና ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግረን የቡናውን ሰዓት አመጣነው። አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ይፈላል፤ መጋረጃው ከመውረዱ በፊት። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን የምጠጣውን ተውኩ። አቦልን አጣጥሜ እጠጣለሁ። ቶናን አሳልፋለሁ። ዝም ብዬ ጨዋታውን እሰማለሁ፣ ጭሱ ይሸተኛል፣ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። በመጨረሻ በረካን፣ ቀጭኗን፣ እቀበላለሁ። ጎረቤታችን በረካ ሳትጠጪ አትነሺም ይላሉ፤ በረካ ደግሞ ብዙም እንቅልፍ አይነሳም። ስለዚህ ሁለታችንም ደስ ይለናል።

ስኳሩን ቆጥሬው ደነገጥኩ። በቀን አምስት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ፤ አሥር ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 40 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ወደ 25 ግራም፣ ስድስት ማንኪያ ገደማ ቢወርድ የበለጠ ጥሩ ነው ይላል። ወደ ሁለት ሻይ ወረድኩ፤ በአንድ አንድ ማንኪያ። ቀረፋና ቅርንፉድ ሲበዛበት ስኳሩ አይናፍቅም። ምግብ ላይ ሌላ ብዙ ለውጥ አላደረግኩም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ራሱ ጥሩ ምግብ ነው። የቀየርኩት ቦታውን ነው፤ መጋረጃው ውስጥ ምግብ አይገባም።

በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ከባዱን ሒሳብ ጠዋት ላይ እጨርሳለሁ። ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ ቀለል ያለውን፣ ፋይል ማስተካከሉን እይዛለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ ይኸው ነው። የጠዋቱን ጉዞ አልተውም፤ ግን ዝግ እላለሁ።

መብራት ሲጠፋ ድሮ እንደ እብድ እሆን ነበር። ዳታ፣ ፓወር ባንክ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ፍለጋ እሮጣለሁ። አሁን አንድ ቀጭን ደብተር አለኝ። መብራት የማይፈልግ ሥራ ሲያጋጥመኝ እዚያ ላይ እጽፋለሁ፤ ታትሞ የሚታይ ደረሰኝ፣ የሚታሰብበት ጥያቄ፣ በስልክ የሚያልቅ ነገር። መብራት ሲሄድ ደብተሩን እከፍታለሁ። ሲያልቅ አርፋለሁ። የላፕቶፑን ባትሪ ከእነሱ ጋር ለምሠራባቸው አራት ሰዓታት እቆጥበዋለሁ።

ማታ ስልኬ ማዕድ ቤት ነው የሚያድረው። ለመቀስቀሻ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። 4፡30 ላይ እተኛለሁ፣ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል እነሳለሁ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ይተኛ ይባላል፤ ይሞላልኛል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ስልኩን ፍለጋ ትራስ ሥር ይገባ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ተወው።

በሦስተኛው ወር ስለካ ግፊቴ 132 በ84 ሆነ። ሐኪሟ ሌላ ሦስት ወር ጨመረችልኝ። ዛሬም በየወሩ እለካለሁ። ከ7ቱ ኪሎ 5ቱ ወርዷል። ወገቤ ጨርሶ አልተወኝም፤ ብዙ ስቀመጥ ያስታውሰኛል። ውሃ ሌሊት የሚመጣበት ቀን ማግስት አሁንም ድክም እላለሁ። ለዚያ መላ አላገኘሁም፤ እሱን ቀን ጉዞውን ትቼ እተኛለሁ።

አሁን ያለብኝ ሐሳብ ክረምቱ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ሰርቪስ የለም፣ ጥሩምባ የለም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ሁለት ወር ተቋርጦብኝ መስከረም ላይ እንደ አዲስ ነው የጀመርኩት። ዘንድሮ እማዬ ቀድማ አሰበችበት። እሷ ጠዋት ጠዋት ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትፈልጋለች፣ ደረጃውንና ጭቃውን ግን ብቻዋን ትፈራዋለች። እኔ አደርሳታለሁ፣ አጥሩን ዞሬ እመለሳለሁ፣ ሲያልቅ ከጎረቤታችን ጋር ትመጣለች። ሰኞ እንጀምራለን። ጃንጥላዋን ካሁኑ በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላዋለች።